ከለንደን ወደ ሊዝበን፦ ሻንጣው ከመሸከፉ በፊት

ፀሐይዋ፣ ባሕሩና የቡናው ዋጋ ብዙ ቤተሰብ ያማልላሉ። ቤት ከመሸጥና ልጆችን ከትምህርት ቤት ከማስወጣት በፊት ግን የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ወረቀትና ዕድሜ አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

እንግሊዝ አገር ባለ የሐበሻ ቤት ጥር ሲገባ የማይቀር ወሬ አለ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ የማሞቂያው ሂሳብ ከፍ ብሎ መጥቷል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደገቡ ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። ከባልና ሚስት አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ያስቀምጥና «ለምን ፖርቱጋል አንሄድም? እነ እገሌ ሄደው የለ!» ይላል። ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ሳምንት የታየው ባሕር ይታወሳል፤ የቤት ዋጋ ከስልክ ላይ ይፈለጋል፤ ወሬው እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ከለንደን ሊዝበን በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም። የሁለቱም አገር ሰዓት አንድ ነው፤ ክረምት ከበጋ አይለያይም። ፖርቱጋልና እንግሊዝ በ1386 የተፈራረሙት የዊንድሰር ውል እስከ ዛሬ ከጸኑት የዓለማችን ጥንታዊ የወዳጅነት ውሎች አንዱ ነው። ችግር የሚመጣው ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ሰው ልብ ተወስኖ ሲነሳ ነው። አባት በሥራው፣ እናት በመኖሪያ ፈቃዷ፣ ትልቁ ልጅ በፈተናው፣ አያት በጡረታቸው የሚጠብቃቸው ሕግ የተለያየ ነው። አንዱን የሚጠቅም ጉዞ ሌላውን ተመልሶ የማይገኝ ነገር ሊያሳጣው ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ቀበቶውን ቁጭ ብሎ ማጥበቁ ይሻላል። (እዚህ የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋን በጥር እዩዋት

ሊዝበን በሰባት ኮረብታዎች ላይ ተሠርታለች ይባላል፤ እግራችሁም ይህንን በመጀመሪያው ቀን ያረጋግጣል። ከታች ከቴዦ ወንዝ ዳር ተነስታችሁ ወደ አልፋማ ስትወጡ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከመስኮት መስኮት ልብስ ተሰጥቷል፤ ቢጫዋ 28 ቁጥር ትራም በግድግዳዎቹ መካከል ተሹለክልካ ታልፋለች። በ1755 ከተማዋን ካፈረሳት የመሬት መንቀጥቀጥ አልፋማ በአብዛኛው ተርፋለች። ከሥሯ ያለችው ባይሻ ግን እንደ አዲስ በቀጥታ መስመሮች ተሠራች። በጁን ወር የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ጠባብ መንገዶች ሁሉ በሰርዲን ጢስ ይታጠናሉ፤ ልጆችም እስከ ሌሊት ድረስ ከወላጆቻቸው ጋር ውጭ ናቸው።

ከመሐል ከተማ ወደ ምዕራብ በትራም ብትሄዱ ቤሌም ትደርሳላችሁ። ስሙ በእኛ ቤተልሔም ማለት ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1497 ወደ ህንድ የተነሳው ከዚህ ነው። ይህ ወንዝ ዳር ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገብቷል። የዐፄ ልብነ ድንግል አምባሳደር ጸጋ ዘአብ ደግሞ ኢትዮጵያ ከነበረው የፖርቱጋል ልዑክ ጋር በ1527 መጥቶ፣ ለአጭር ጊዜ የታሰበው ቆይታው ዓመታት ፈጀ። የመመለሻ ፈቃድ እየጠበቀ ሊዝበን ውስጥ የከረመ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ በአይማ ቢሮ ተራ የሚጠብቅ ሐበሻ ቢያስታውሰው ይጽናናል።

ይህ ሁሉ በነሐሴ ይታያል። በነሐሴ የማይታየው የቤቱ ውስጥ ነው። አብዛኛው የፖርቱጋል መኖሪያ ቤት ማዕከላዊ ማሞቂያ የለውም። ግድግዳው ለበጋ ሙቀት የተሠራ ስለሆነ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሻጋታ ያበቅላል። ዝናቡም ቀላል አይደለም። «ከለንደን ዝናብ ሸሽቼ» ብሎ ወደ ሰሜኗ ፖርቶ የሚሄድ ሰው በዓመት የሚጠብቀው ዝናብ የለንደንን እጥፍ ገደማ መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በብዛት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለወራት ይጠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፦ ከመወሰናችሁ በፊት በጥር አንድ ሁለት ሳምንት ሂዱ። ሆቴል ሳይሆን ተራ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራዩ። ማክሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤት ሰዓት አውቶብስ ተሳፈሩ፤ አስቤዛ ግዙ፤ ልብስ አጥባችሁ ለማድረቅ ሞክሩ። አገሩን የምታውቁት በዚህ ነው።

ሁሉም ፓስፖርት እኩል አይደለም

ብሪታኒያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ፣ የሽግግሩ ጊዜ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ካበቃ ወዲህ የብሪታኒያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች ያለ ቪዛ መቆየት የሚችለው በየ180 ቀኑ ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ቀድሞ ቀኑን የሚቆጥረው ማኅተም ነበር። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ግን የጣት አሻራና ፎቶ የሚወስደው አዲሱ የድንበር ሥርዓት ሥራ ስለጀመረ ቆጠራውን ኮምፒውተር ይዞታል። «ማን ያየናል» ብሎ ሰባት ወር መቀመጥ ቀርቷል። ለብሪታኒያ ዜጋ ያለ ቪዛ መኖርም መሥራትም የሚፈቀድባት የኅብረቱ አባል አገር አየርላንድ ብቻ ናት።

በብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባል የብሪታኒያ ፓስፖርት ይዟል፤ ልጆቹ እዚያው ተወልደው ዜጋ ናቸው፤ እናት ግን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቷን እንደያዘች በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ በተለምዶ «ኢንደፊኒት» በምንለው፣ ትኖራለች። እሷ ሊዝበንን ለአንድ ሳምንት ለመጎብኘት እንኳ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ኢንደፊኒት ያለው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ ከብሪታኒያ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይቃጠላል። ቤተሰቡ በሦስተኛው ዓመት «አልሆነልንም፣ እንመለስ» ቢል፣ አባትና ልጆች በአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲገቡ እናት ከውጭ ቪዛ ጠያቂ ትሆናለች።

ዜግነቱን ጨርሶ መሄድ አንዱ መፍትሔ ነው። የብሪታኒያ ዜጋ ያገባ ሰው ኢንደፊኒት ካለውና ሦስት ዓመት እዚያ ከኖረ ማመልከት ይችላል፤ በመጨረሻው ዓመት ግን ከአገር ውጭ የነበረበት ቀን በመደበኛው ከ90 መብለጥ የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ዜግነት፣ ቀጥሎ ጉዞ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ውሳኔው ዋጋ አለው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሚገባው በቢጫ ካርድ ነው። ይህን ፓስፖርት ለዓመታት በፍቅር ያስቀመጠች እናት ልትቸገር ትችላለች። ባልየው ለአንድ ሰሞን ፀሐይ ብሎ የሚጎተጉትበት ጉዳይ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠይቃል።

የትኛው ቪዛ፣ ስንት ገቢ?

ለቤተሰብ የሚሆኑት ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። ዲ7 የሚባለው ጡረታ፣ የቤት ኪራይ ወይም ሌላ ሳይሠሩ የሚመጣ ቋሚ ገቢ ላላቸው ነው። ዲ8 ደግሞ ከፖርቱጋል ውጭ ላለ ቀጣሪ ወይም ደንበኛ ከሩቅ ለሚሠሩ ሲሆን ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ይሰጣል።

ስሌቱ የሚነሳው ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። በ2025 ይህ 870 ዩሮ ነበር። ለዲ7 ዋናው አመልካች ይህን ያህል የወር ገቢ ማሳየት አለበት፤ ለባለቤት ግማሹ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 30 ከመቶው ይጨመራል። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ሲደመሩ በ2025 ሂሳብ 1,827 ዩሮ ይመጣ ነበር። ለዲ8 አመልካቹ የዝቅተኛውን ደመወዝ አራት እጥፍ፣ ማለትም በ2025 ሂሳብ 3,480 ዩሮ፣ ማግኘት አለበት። ዝቅተኛው ደመወዝ በየጃንዋሪው ስለሚጨምር መስፈርቱም አብሮ ይጨምራል። ይህ የመግቢያ በር ነው እንጂ የሊዝበን ኑሮ በጀት አይደለም።

ፖርቱጋል በ2025 የውጭ ዜጎች ሕጓን አጥብቃለች፤ ቤተሰብን በኋላ አስከትሎ የማምጣት ነገር ከተነኩት አንዱ ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት የሄደ ጓደኛችሁ በነገራችሁ አትመሩ። ለቆንስላው ወይም ለጠበቃ የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ሁላችንም በአንድ ጊዜ ማመልከት እንችላለን ወይ?» የሚል ይሁን።

የወረቀቱ ተራ ባብዛኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኒፍ የሚባለው የግብር መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ያለሱ የባንክ ሂሳብም፣ የቤት ውልም፣ የስልክ መስመርም የለም። ቀጥሎ የባንክ ሂሳብ፣ የመኖሪያ ቤት ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ዋስትናና ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ተሟልተው ብሪታኒያ ውስጥ ማመልከቻው ይገባል። የሚሰጠው ቪዛ ለ4 ወር የሚያገለግል መግቢያ ነው። ዋናውን የመኖሪያ ካርድ የምታወጡት እዚያ ከገባችሁ በኋላ በ2023 ከተቋቋመው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ከአይማ ነው።

እዚህ ላይ ሐበሻን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስማችን ነው። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም «የቤተሰብ ስማቸው» ስለሚለያይ ዝምድናውን የሚያስረዳው የልደትና የጋብቻ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የተጋባችሁት አዲስ አበባ ከሆነ ሰርተፍኬቱ በኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል እንዲረጋገጥ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ተልኮ፣ ተመላልሶ እስኪጨርስ ጊዜ ይወስዳልና ከሁሉ ቀድማችሁ ጀምሩት።

ትዕግሥትም ስንቅ ነው። በፖርቱጋልኛ «ነገ» የሚባለው «አማኛ» ነው። ቢሮ ሄዳችሁ «አማኛ» ስትባሉ ስለ እምነታችሁ የተጠየቃችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ነገ ኑ ማለታቸው ነው።

ቤት፦ ዋስ አላችሁ?

የቤት ማስታወቂያ ላይ «ቴ2» ወይም «ቴ3» የሚል ታያላችሁ፤ ቁጥሩ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ነው የሚናገረው። አከራይ የሚጠይቀው ነገር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም፦ «ፊያዶር»፣ ማለትም ዋስ። የማይታወቅ ሰው ኪራይ ቢያቋርጥ የሚከፍል የአገሩ ሰው ይፈለጋል። ዋስ ለሌለው አማራጩ የወራት ኪራይ አስቀድሞ መክፈልና መያዣ ማስያዝ ነው። ስለዚህ ለቤት ብቻ የሚሆን ዳጎስ ያለ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ።

የሊዝበን መሐል ከተማ ኪራይ ከአገሩ ደመወዝ ጋር የማይመጣጠን ሆኗል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ከወንዙ ማዶ አልማዳን፣ በምዕራብ ወደ ካሽካይሽ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ያሉትን ሰፈሮች፣ ወይም ከዋና ከተማው ርቀው ብራጋንና ኮይምብራን ነው። ከአልማዳዋ ካሲልያሽ ወደ መሐል ከተማው በጀልባ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ለንደን ውስጥ ለትራንስፖርት የሚወጣውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ይደሰታል፦ መላውን የሊዝበን አካባቢ በአውቶብስ፣ በሜትሮ፣ በባቡርና በጀልባ የሚያስኬደው የወር ትኬት 40 ዩሮ ነው፤ ለመላው ቤተሰብ የሚሆነው ደግሞ 80 ዩሮ።

ቤቱን ስታዩ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የትኛው ክፍል እንደምትገባ ጠይቁ፤ በቁም ሣጥን ጀርባና በመስኮት ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ተመልከቱ። እርጥበት የሚመጥ ማሽን የመጀመሪያው ክረምት የመጀመሪያ ግዢያችሁ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመትም ቤት አትግዙ። የለንደኑን ቤት ሸጦ በሦስተኛው ወር የሚገዛ ሰው ሰፈሩን ሳያውቅ ይታሰራል። የለንደኑን ቤት ማከራየት ከቻላችሁ መመለሻውም በር ክፍት ይቆያል፤ ኪራዩ ግን ብሪታኒያ ውስጥ ግብር እንደሚከፈልበት አትርሱ።

ልጆች፦ ከአገሩ በላይ ዕድሜያቸው ይወስናል

የፖርቱጋል የመንግሥት ትምህርት ቤት ለነዋሪ ልጅ ነጻ ነው፤ እስከ 18 ዓመትም ግዴታ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ባለው የመጨረሻው ዙር ልጆች በሳይንስ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በሥነ ሰብእና በሥነ ጥበብ ዘርፎች ይከፈላሉ። አዲስ ለሚመጡ ልጆች ፖርቱጋልኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ አለ።

የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ዓመት ሳይሞላው የሰፈሩን ልጆች ቋንቋ ይዞ ይመጣል። የ10 ዓመት ልጅ ትንሽ ይከብደዋል፤ ይችላል። ከባዱ ከ14 እስከ 16 ያለው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የጂሲኤስኢ ትምህርት ተጀምሮ መሐል ላይ ማቋረጥ ልጁን ከሁለቱም ያጣ ያደርገዋል፤ ያኛውን አልጨረሰ፣ እዚህኛው ደግሞ በማያውቀው ቋንቋ ፊዚክስ ያስተምረዋል። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ወይ ፈተናውን ይጨርስ፣ ወይም በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይፈለግለት። በ1894 የተመሠረተው የፖርቶ ብሪቲሽ ስኩልና በ1932 የተከፈተው የካርካቬሎሹ ሴንት ጁሊያንስ ከአንጋፋዎቹ ናቸው፤ በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ለትልልቅ ልጆች የሚከፈለው ዓመታዊ ክፍያ ከ10 ሺህ ዩሮ እንደሚበልጥ አስቡት።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ዩኒቨርሲቲውን ነው። አንድ ልጅ እንግሊዝ ተመልሶ እንደ አገሩ ተማሪ ለመክፈል በመደበኛው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት እዚያ የኖረ መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ብቻ አይበቃም። በ2025/26 የአገሬው ተማሪ ክፍያ ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነው፤ የውጭ ተማሪ የሚከፍለው በብዙ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። በ15 ዓመቱ የወጣ ልጅ በ18 ዓመቱ ይህን ሂሳብ ያገኘዋል። በሌላ በኩል በፖርቱጋል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአገሬው ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት የሚከፍለው 700 ዩሮ አካባቢ ነው። ልጁ የት እንደሚማር ከወዲሁ የሚታሰበው ለዚህ ነው።

ለሐበሻ ልጅ አንድ ጥሩ ዜና አለ። እንግሊዞች የሚቸገሩባቸው የፖርቱጋልኛ ድምፆች አንዳንዶቹ በአማርኛ አሉ። «ሴኞር» ውስጥ ያለው ኝ፣ «ዣኔይሮ» ውስጥ ያለው ዥ ለምላሳችን እንግዳ አይደሉም። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ልጅ እዚህ ላይ ይቀድማል። ስለዚህ «ሦስት ቋንቋ ይበዛበታል» ብላችሁ አማርኛውን አትተዉበት።

ጤና፣ ጡረታና አያት

የብሪታኒያ ነጻ ሕክምና በፓስፖርት ሳይሆን እዚያ በመኖር የሚገኝ ነው፤ ኑሯችሁን ስታዛውሩ ይቀራል። በፖርቱጋል ሕጋዊ ነዋሪ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ተመዝግቦ የታካሚ ቁጥር ይወስዳል። ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሆኖም በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው መደበኛ የቤተሰብ ሐኪም አልተመደበለትም፤ ችግሩ በሊዝበን አካባቢ ይብሳል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ የግል ዋስትና መያዝና የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም ጽፎ መሄድ ይገባል። ለአስቸኳይ 112፣ ለምክር 808 24 24 24 ይደወላል።

የብሪታኒያ የመንግሥት ጡረታ የሚያገኙ ነዋሪዎች ኤስ1 የሚባለውን ፎርም አውጥተው ሲያስመዘግቡ የፖርቱጋል ሕክምናቸውን ብሪታኒያ ትሸፍናለች። ጡረታውም ፖርቱጋል ለሚኖር ሰው በየዓመቱ እንደ ብሪታኒያው ይጨምራል። አዲስ አበባ ለሚገባ ግን አይጨምርም፤ በወጣበት መጠን ይቀራል። «ጡረታ ስወጣ ግማሹን ዓመት አገር ቤት» የሚሉ ይህን ልዩነት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

አያትን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን የሚሰጠው የጡረታ ድጎማና የቤት ኪራይ ድጋፍ ከአገር ሲወጡ ይቆማሉ። በዚያ ላይ የሰፈሩን አውቶብስ በስሙ የሚያውቁ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው ያላቸው እናት፣ አማርኛም እንግሊዝኛም የማይሰማበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ውስጥ ሲቀመጡ ፀሐይዋ ብቻ አታጽናናቸውም።

ሥራና ግብር

«ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የትም ሆኜ እሠራለሁ» ማለት ቀላል ነው። ቀጣሪያችሁ ግን በጽሑፍ መፍቀድ አለበት፤ ሠራተኛ ሌላ አገር ሲቀመጥ ድርጅቱም እዚያ የግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ግዴታ ሊመጣበት ስለሚችል ብዙዎቹ አይፈቅዱም። በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ፖርቱጋል የቆየ ሰው በመደበኛው የዚያ አገር ግብር ከፋይ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ድርብ ግብር የሚያስቀር ስምምነት አለ። የአንዱ የግብር ዓመት በጃንዋሪ፣ የሌላው በኤፕሪል ስለሚጀምር ግን የመነሻ ቀናችሁን ከሂሳብ ባለሙያ ጋር ምረጡ። ለአዲስ ነዋሪዎች ይሰጥ የነበረው ታዋቂው የግብር ቅናሽ ከ2024 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች በነበረበት መልኩ ቀርቷል፤ አሁንም «አሥር ዓመት ግብር ትንሽ ነው» የሚላችሁ ሰው የድሮ ወሬ ነው የሚነግራችሁ። እዚያው ሥራ ፈልጎ መቀጠር ያሰበ ደግሞ ከላይ የጠቀስነውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያስታውስ።

ቅቤው፣ እንጀራውና ሰው

የቤት ዕቃ ሲጫን ጉምሩክ አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ከኅብረቱ ውጭ የኖረ ሰው ቢያንስ ስድስት ወር የተገለገለበትን ዕቃ ኑሮውን ባዛወረ በ12 ወር ውስጥ ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል፤ ዝርዝሩ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ምግብ ላይ ደግሞ እናቶች ልብ በሉ፦ ከብሪታኒያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። የነጠረ ቅቤውም ቋንጣውም እዚያው ይቀራሉ። ቅቤውን የፖርቱጋል ቅቤ ገዝታችሁ በኮረሪማና በበሶብላ ማንጠር ነው።

ከሁሉ ቀስ ብሎ የሚሰማው ናፍቆት ግን የሰው ነው። ለንደን ውስጥ ካሌዶኒያን ጎዳና ላይ እንጀራ ይገዛል፤ ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ የሚሰበሰብ ሰው አለ። ፖርቱጋል ያለው ሐበሻ ጥቂት ነው። ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የሚተክል ዕድር የለም። ይህን የሚያካክሰው ጎረቤት ነው፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ ለጎረቤትነት ይመቻሉ። ጠዋት ጠዋት በአንድ ካፌ ቆማችሁ «ቢካ» የሚሏትን ትንሽ ቡና ስትጠጡ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቱ ሳትጠይቁት ይቀዳላችኋል። የቡናቸው አቆላል ከእኛው ጠቆር ይላል፤ ዋጋው ግን አንድ ዩሮ ገደማ ነው። ጀበናችሁን አውጥታችሁ የፎቁን ሰው አንድ እሑድ ከጠራችሁ ደግሞ ዋስ ያጣችሁበት አገር ዘመድ መስጠት ይጀምራል።

ከመነሳታችሁ በፊት

• ከ12 ወር በፊት፦ የሁሉንም ፓስፖርትና ፈቃድ ዓይነት ጻፉ። ዜግነት የሚጨርስ ካለ አሁን ይጀምር። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ወረቀት ይላክበት።

• ከ9 ወር በፊት፦ በጥር ተራ ሰፈር ውስጥ ኑሩ። ከቀጣሪ የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። ፖርቱጋልኛ ጀምሩ፤ መተግበሪያ ስትመርጡ የብራዚሉ ሳይሆን የፖርቱጋሉ አነጋገር መሆኑን አረጋግጡ።

• ከ6 ወር በፊት፦ ኒፍ፣ የባንክ ሂሳብና የቤት ማስረጃ አውጥታችሁ ቪዛ አመልክቱ።

• ከ3 ወር በፊት፦ የልጆቹን የክትባትና የትምህርት ማስረጃ ሰብስቡ። ትምህርት በሴፕቴምበር ስለሚጀምር በጋውን ለመላመጃ ተጠቀሙበት።

• በመጨረሻው ወር፦ ለብሪታኒያ ግብር መሥሪያ ቤት፣ ለሐኪማችሁና ለቀበሌው ምክር ቤት መውጣታችሁን አሳውቁ። ቢያንስ አንድ የብሪታኒያ ባንክ ሂሳብ ክፍት ይቆይ፤ ባንኩ የውጭ አድራሻ እንደሚቀበል ግን ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱና የቤቱን ሰዎች ስም ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ነገር ይሙላ፦ በየትኛው ፈቃድ ይሄዳል፣ እዚያ ማክሰኞ ጠዋት ምን ይሠራል፣ ቢመለስ ምን ያጣል። የ8 ዓመቷ ልጅም የራሷን መልስ ትናገር። አንዱ መስመር ባዶ ከቀረ ጉዞው ገና አልደረሰም፤ አንድ ዓመት መጠበቅ ነውር የለውም። ሁሉም ከሞላ ግን ሻንጣውን አውርዱ፤ በርበሬውን በደንብ ጠቅልላችሁ፣ ለመጀመሪያው ክረምት የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ ጨምሩበት። መልካም መንገድ!